ወረቀቱ ላይ የሌለ ንግግር

በቴሌቪዥን ሦስት ጊዜ ሞቻለሁ። ታክሲ ውስጥ ሰው ያውቀኛል። አንድ ሰኞ ከቤቴል ስመለስ፣ የሰፈራችን ሴት ከኋላ ወንበር ሆና፣ «አንቺ! ባለፈው ሞተሽ አልነበር እንዴ? ለእድሩ እንኳን ሳትነግሪ!» ብትል ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እጄ ግን ከነጠላዬ ስር ግራ ጡቴን ይዞ ነበር። ከክሊኒክ መውጣቴ ነው።

እብጠቱን ያገኘሁት ገላዬን ስታጠብ ነው። ስንት ወር ዝም አልኩ። ፈርቼ ብቻ አይደለም፣ አፍሬም ነው፤ ጡትን ገልጦ ለወንድ ማሳየት ሞት መሰለኝ። ሐኪሙ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ነው። በመርፌ ናሙና ወሰደና፣ «ሐሙስ ለውጤቱ ሲመጡ ሰው ይዘው ይምጡ፣ እናቴ» አለኝ። እኔ ሰው የምላት አንዲት ልጄ ናት።

ተዋናይ ልባል አይገባኝም። ለቀረጻ ሰዎች ምሳ ላበስል ሄጄ፣ ታማ አልጋ ላይ የምትተኛዋ ተዋናይ ሳትመጣ ብትቀርባቸው፣ «አንቺ ተኚልን፤ ፊትሽ የእናት ፊት ነው» ብለው አስተኙኝ። ከዚያ ወዲህ የታመመች እናት ስትፈለግ ይጠሩኛል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ፊደል እለያለሁ እንጂ ማንበቡ አይፈጥንልኝም። የምናገረውን ልጄ ከወረቀቱ ታነብልኛለች፣ እኔ በጆሮዬ እይዛለሁ።

በዚያው ሳምንት አራተኛዋን ሟች ሰጡኝ። ማክሰኞ ልጄ ከሥራ ስትገባ ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። እሷ የልጅቷን ታነባለች፣ እኔ የእናትየዋን እመልሳለሁ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብላ አነበበች።

«ምንም አልሆንኩ፣ ድካም ነው» ነበር ወረቀቱ ላይ የኔ መልስ። አፌ ግን፣ «ጡቴ ላይ የሆነ ነገር ወጥቷል። ሐሙስ ሰው ይዘሽ ነይ ብለውኛል። ፈራሁ ልጄ» አለ።

ልጄ በጣቷ መስመሩን ተከትላ ፈለገች። ገጹን ገለበጠች።

«ይሄ የለም። ከየት አመጣሽው?»

ያኔ ነበር መናገር። ዓይኗን አየሁና፣ «ከድሮው ድራማ ጋር ተደባልቆብኝ ነው» አልኳት።

«አቤት እማዬ! አስደነገጥሽኝ እኮ። ግን ያንቺው ይሻላል፤ የነሱ ደረቅ ነው።»

በማግስቱ አስኮ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ቀረጹኝ። በፊት ስሞት ዓይኔን ጨፍኜ የማስበው ስለ ምሳው ነበር፤ ሽሮው እንዳያር። የዚያን ቀን ሽሮ ትዝም አላለኝ። ልጄን ሆና የምትሠራው ልጅ ጠዋት የተዋወቅኳት ናት። እጇን ያዝኩና ያንን ወረቀቱ ላይ የሌለውን ሁሉ ነገርኳት። ለቅሶዬን ማቆም አቃተኝ። ዳይሬክተሩም አላስቆመኝም። ስጨርስ አጨበጨቡ። «ማዘር፣ ዛሬስ ገደልሽን!» አሉኝ።

ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የማፍረው በዚህ ነው። ለልጄ የደበቅኩትን ፍርሃት ለባዳ ልጅ ሰጥቼ፣ ተጨብጭቦልኝ ደስ አለኝ። ሞትን ያህል ነገር፣ ጎበዝ ለመባል።

ቤት ስገባ ልጄ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«እንዴት ነበር?»

«አጨበጨቡልኝ።»

«ያንን አልሽው? ያንን የጡቱን?»

«አልኩት።»

ቢላዋውን አስቀመጠች፤ ግን አልዞረችም። «አንዱ ላይ በስኳር ነው የሞትሽው። አንዱ ላይ በመኪና፣ አንዱ ላይ በኩላሊት። ሦስቱንም እኔ ነኝ ያነበብኩልሽ፣ እማዬ። ጡት የሚል አንዱም ላይ የለም።»

የወደቀ የሽንኩርት ልጣጭ ከመሬት አነሳሁ።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

ዞራ ስታየኝ የትኛውን ፊት እንደማሳያት ጠፋኝ። ሳቁንም ለቅሶውንም ለድራማ የተጠቀምኩበት መሰለኝ። ነጠላዬን ዓይኔ ድረስ ሳብኩና፣ ከነጠላው ስር፣ «ሦስት ሰዓት» አልኳት።