ለአማቾች የቀረበው የኮሪያ ሾርባ

ቤታችን የተበላሸው የወንድሜ የተንቪር ሚስት ሩክሻንዳ እግሯ ተሰብሮ አልጋ ላይ የዋለች ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ደህና ሴት ነበረች። ቆርማ የሚባለው የሥጋ ወጧ ይበላ ነበር፤ ሩዟም እንደ ሰው ሩዝ ነበር። አልጋ ላይ ሆና የኮሪያ ተከታታይ ድራማ ማየት ያዘች። ተዋናዮቹ ሲጣሉም ሲታረቁም ሾርባ ይጠጣሉ። እሷም ታሪኩን ትታ ሾርባውን ስትከታተል ከረመች። ጀሶው ሲፈታላት ቀጥታ የሄደችው ወደ ማድ ቤት ነው።

እኔ ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው እዚሁ ላሆር ከተማ፣ በወንድሜ ቤት ፎቁ ላይ ነው። ሽታ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ጥቅል ጎመን በጨው አሽታ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ለውሳ በትልልቅ ጠርሙስ ታፍነዋለች። ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል ብላ አንዱን ጠርሙስ ብርድ ልብስ ከምናስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ ደበቀችው፤ እዚያው ፈነዳ። ጎረቤታችን መጥቶ፣ የፍሳሽ ቱቦ ፈንድቶባችሁ ይሆን ወይ ብሎ በትሕትና ጠየቀ።

«ኪምቺ ነው» አለችው ሩክሻንዳ፣ ኮራ ብላ።

ሰውየው የበሽታ ስም መስሎት «አላህ ይማራችሁ» ብሎ ሄደ።

ቀጥሎ ደግሞ ስልኩ መጣ። የምትሠራውን ሁሉ እየቀረጸች ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ ጀመረች። ወንድሜ ከሥራ ደክሞት ይመጣል፤ የሚጨስ ሳህን ፊቱ ይቀመጣል፤ እጁን ሲዘረጋ «ቆይ፣ ብርሃኑ ጥሩ አይደለም» ይባላል። ብርሃኑ ሲስተካከል ምግቡ በረዶ ሆኗል። ተከታዮቿ ማን ናቸው ቢባል የአጎቶቿ ልጆች፣ የአጎቶቿ ልጆች ጓደኞች፣ እንዲሁም ቢላ ስታጥብ እንኳ «ማሻ አላህ» ብለው የሚጽፉ ሥራ ፈቶች ናቸው። እሷ ግን እያንዳንዱን አመስግና ትመልስ ነበር።

በዚህ መሃል ለልጃቸው ለኒሎፈር የጋብቻ ጥያቄ መጣ። ኒሎፈር ፋርማሲስት ናት፣ ምላሷም እንደ መርፌ ነው። የልጁ እናት ወይዘሮ ሳርወት ደግሞ የልጇን ስም ከመንገሯ በፊት ዱባይ መሥራቱን የምትነግር ሴት ናት። ባሏን አስከትላ ለእራት ልትመጣ ቀጠሮ ተያዘ።

«እባክሽ ዛሬ ብቻ ቆርማ ሥሪ» አለ ወንድሜ። «ሰው የሚያውቀውን ምግብ።»

«ቆርማማ የሄዱበት ቤት ሁሉ ይበላሉ። እኛን የሚያስታውሱን በዚህ ነው።»

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው።»

እንግዶቹ ሲመጡ የቀረበላቸው በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ሾርባ ነው። ውስጡ ኑድል፣ እንደ ወረቀት የሳሳ የበሬ ሥጋና ግማሽ እንቁላል አለ፤ ከጎኑ ያ ጎመን ተቀምጧል። ወይዘሮ ሳርወት አጠገቧ የተቀመጡትን ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች አነሳች።

«እህቴ፣ ይሄስ ምንድን ነው? ሹራብ ልንሠራላችሁ ነው የመጣነው?»

«መብያ ነው። ማንኪያም አለ፣ እንደሚመችዎ።»

«ጥቁሩ ውኃስ? ሐላል ነው?»

«የአኩሪ አተር ስጎ ነው። ኮሪያዎቹ የሩዝ ወይን በሚጨምሩበት ቦታ እኔ የፖም ኮምጣጤና ስኳር ነው የማደርገው።»

ወይዘሮ ሳርወት ወደ ባሏ ዞረች። «ሰማህ? ወይን አለች።»

ባሏ አልሰማም። ሳህኑ ላይ ተደፍቶ ሲያሟጥጥ ነበርና ቀና ብሎ «ትንሽ ብትጨምሩልኝ» አለ። ሚስቱ ስታየው ሳህኑን ቀስ ብሎ መለሰው።

«ልጅቷም እንዲህ ነው የምትሠራው?» አለች ወይዘሮ ሳርወት። «ልጄ ከዱባይ ለእረፍት ሲመጣ የገማ ጎመን ሊቀርብለት ነው?»

ኒሎፈር ውኃ እየቀዳች ነበር። «ኧረ እኔ ጭራሽ አልሠራም፣ እትዬ። እሱ ይሠራልኛል ብዬ ነበር የማስበው።»

እኔ ጥግ ተቀምጬ፣ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ሻሌን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩ። ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ።

በማግስቱ ወይዘሮ ሳርወት ለሰፈሩ ሁሉ፣ ወይን ሊያጠጡን ነበር ብላ አወራች። ሩክሻንዳ በንዴት አበደች። ጠረጴዛውን ልትቀርጽ መደርደሪያው ላይ አቁማ የረሳችው ስልክ ግን ንግግሩን ሁሉ ይዞታል። ሳህንና እጅ እንጂ ፊት አይታይበትም። የተባለውን ሰው ይስማ ብላ ቪዲዮውን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው።

ያን ሁሉ ጊዜ ጎመን ስታሽ ዞር ብሎ ያላያት ሕዝብ ጎረፈ። የአትክልት ሻጩ ሳይቀር «ሹራቡ አለቀ ወይ?» እያለ ይስቅብናል። ስለ ሾርባው የጠየቀ የለም። ከጥግ ሳቋን ስታፍን የምትሰማውን አሮጊት አሳዩን አሉ፤ እኔን ማለታቸው ነው። ወንድሜም ያ ሁሉ ማጉረምረም ቀርቶ፣ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የታዋቂዋ ባል ሆኖ ደረቱን ነፍቶ ይሄድ ጀመር። ከዚያ ወደ ኒሎፈር ዞሩ። ምላሷ ረዘመ፣ ቆማ ትቀራለች፣ አባቷ ይቅጣት ብለው ጻፉ። ከጻፉት መሃል እነዚያ ማሻ አላህ ባዮች ነበሩበት።

ኒሎፈር ትከሻዋን ሰብቃ አለፈችው። እናቷ ግን አንዱን አንብባ፣ ሌላውን አንብባ፣ ቪዲዮውን አጠፋችው።

«ምን ነካሽ?» አለ ወንድሜ። «ገና አሁን እኮ ነው የታወቅሽው።»

«እኔ ያቀረብኩት ሾርባ ነው። ልጄን አላቀረብኩም።»

በሳምንቱ ጎመን እንዴት በጨው እንደሚታሽ የሚያሳይ ረጅምና አሰልቺ ቪዲዮ ለቀቀች። ሕዝቡ ጠብ ፍለጋ መጥቶ ጎመን ሲያገኝ እንደመጣው ሄደ። ደህና ሂድ ብያለሁ።

ኒሎፈር ሥራዋን ቀጥላለች፤ የዱባዩ ልጅም ሌላ አግብቷል አሉ። ሩክሻንዳ አንድ ቀን ደረጃውን ሮጣ ወጥታ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችው። ከሲያልኮት ከተማ አንዲት ሴት ጽፋላታለች፦ «እህቴ፣ እንዳልሽው ሠርቼ ጎመኑ ሟሟብኝ። ምን አጥፍቼ ነው?»

«ጨው አንሷት ነው» አለች ሩክሻንዳ፣ ለእኔ ሳይሆን ለስልኩ። «ወይ ደግሞ ሙቀት ላይ አስቀምጣው ነው። የት እንዳስቀመጠችው ልጠይቃት።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጽፍ ጀመር። ነገሩ ለዘመድ ደብዳቤ መልስ እንደ መጻፍ ነበር። ስለ ጎመን ምንም ባላውቅም ብርድ ልብሴን ከመንገዷ ሰብሰብ አድርጌ ቦታ ለቀቅኩላት።