ኮዱ የሚመጣበት ስልክ

በመሬት ምዝገባ ቢሮ መስኮት ሦስት ላይ የምትቀመጠዋን ሴት ሽማግሌዎቹ ሁሉ “ልጃችን” ይሏታል። ይህች ልጃቸው በገዛ እጇ ወጥመድ ገብታለች፤ ያስገባትም ደግነቷ ነው።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ፣ ከእንግዲህ ባለይዞታ ደጅ አይጠናም ተባለ፤ ኮድ በስልኩ ይደርሰዋል፣ ኮዱን ሲያስገባ ጉዳዩ ያልቃል። ደግ ነው። ስልክ የሌለውስ? ሲስተሙ ቁጥር ካልተሞላለት ንቅንቅ አይልም፤ ሰልፉ ደግሞ ያጉረመርማል። አንድ አዛውንት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ግራ ሲገባቸው አየችና “ግድ የለም አባባ” ብላ የራሷን ቁጥር ሞላችላቸው። ከኋላቸው ለነበሩት ባልቴትም እንዲሁ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ይኸው ዛሬ የስንቱ ሽማግሌ ኮድ በእሷ ስልክ ይመጣል፤ ቁጥር መቀየር የለ፣ ሥራ መልቀቅ የለ።

ዛሬ የአዛውንቱ ልጅ መጣ። የአባቱን ቤት ወደ ራሱ ስም ለማዛወር ማመልከቻውን በኢንተርኔት ሞልቶ ጨርሷል፤ የቀረው ኮዱ ነው። ኮዱ እሷ ኪስ ውስጥ ነዘረ።

“አባትህ ያውቃሉ?”

“ምን አገባሽ እህቴ? ቁጥሩ ያንቺ መሆኑን አባዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል። ካልሰጠሽኝ እኔም ለአለቃሽ አወራለሁ፤ ያኔ ሥራሽን ተሰናበቺ።”

የመጣው ይምጣ ብላ ተነሥታ ኃላፊው ቢሮ ገባች። “የአዛውንቱ ስልክ ቁጥር የኔ ነው” አለችው። ኃላፊው ብድግ ብሎ በሩን ዘጋ።

“አውቃለሁ። ሁሉም ደንበኛ በስልኩ ይስተናገዳል ብለን ሪፖርት ልከን ተሸልመናል። አሁን ዋሽተን ነው ልበል? ኮዱን ስጪውና ይሂድ። ስልክሽን ብቻ እንዳታጠፊ!”

ወደ መስኮቷ ተመለሰች። “አባትህን ይዘህ ና። አለዚያ አልሰጥም።”

ልጁ መስኮቱ ሥር ባለው የደንበኛ እርካታ መለኪያ ላይ ያለችውን የተኮሳተረች ፊት በአውራ ጣቱ ተጫናት። ከዚያ ሳቀ።

“እስከ መቼ እዚህ ወንበር ላይ ተጎልተሽ ትከለክይኛለሽ?”

“አባትህ በሕይወት እስካሉ” አለችው።

እሱ ከሄደ በኋላ ኪሷ ውስጥ የሌላ ሽማግሌ ኮድ ነዘረ። “እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው” ልትል ፈለገች፤ አፏ እምቢ አላት።