እትዬ ፊርማና አዲሱ ማራገቢያ

እትዬ ፊርማ የሚለውን ስም ያወጡላት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ አልተሳሳቱም። የዘይት ጠርሙሷ ላይ ዘይቱ የደረሰበትን ቦታ በእስክሪብቶ ታሰምርበታለች። የስኳር ዕቃዋን ከመክደኗ በፊት ስኳሩን በማንኪያ ጀርባ ትደለድልና ጭረት ታኖርበታለች። በጃንጥላዋ እጀታ፣ በመጥረጊያዋ እንጨት፣ በመቀሷ ላይ ሳይቀር ያቺ ጠመዝማዛ ፊርማዋ አለች። የምትኖረው ደግሞ ብቻዋን ነው። ስኳርሽን ማን ይሰርቅሻል የሚላት ሲገኝ፣ ሰው ማመን ቀብሮ ነው ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ሥራዋ ጽሕፈት ነው። መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የሰው ማመልከቻ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤት ኪራይ ውል ትተይባለች። አንድ ፊደል የገደፈች ዕለት እህል አይወርድላትም። ሰሞኑን ግን ኮምፒውተሯ አመል አወጣ፤ ረፋድ ላይ ይግልና እኩለ ቀን ሳይደርስ ድርግም ይላል። ጆሮዋን ጎኑ ላይ ለጥፋ ብታዳምጥ ውስጡን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ጭጭ ብሏል። አዲስ ማስገባት ነበረባት። ጠጋኝ በሰፈሩ ሞልቷል፤ የምታምነው ግን አንድ እንኳ አልነበረም።

ታናሽ ወንድሟም ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። እናታቸው ቀድመው ስላረፉ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ይሁንና ሰባት ዓመት ሙሉ አልተያዩም። አባታቸው ሆስፒታል ሳሉ ያዳምጡት የነበረው ሬዲዮ፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ ደብዛው ጠፋ። እሱ፣ አባባ ራሳቸው አጠገባቸው ለተኛ በሽተኛ ሰጡት አለ። እሷ፣ የበሽተኛውን ስም ጥራ ብላ ያዘችው። ስሙን አላወቀም። በዚያው ተቆራረጡ።

አክስታቸው ሁለቱን ሲያማልዱ ከርመው ሰልችቷቸው ነበር። የማራገቢያውን ነገር ሲሰሙ ግን ልጁን እኔ እልክልሻለሁ አሉ። ማስጠንቀቂያም ጨመሩበት፦ በዚያ በጥርጣሬሽ ዳግመኛ ካስቀየምሽው እኔ የለሁበትም፤ ወንድም ነበረኝ እያልሽ ኑሪ። እትዬ ፊርማም ቃል ገባች። ቃሏ ከልቧ ነበር። ልጁ ናፍቋታል፤ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ድምፅ የእሱ እየመሰላት ስንት ጊዜ ከወንበሯ ተነሥታለች።

ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። ተሳሳሙ። እሱ ወዲያው ቦርሳውን ከፍቶ የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን ፈታ፣ አቧራውን በብሩሽ አራገፈ፣ አሮጌውን ማራገቢያ አውጥቶ አዲሱን በአራት ብሎን አሰረ። ክዳኑን ሳይገጥም አብርቶ ሞከረው፤ ድምፅ የለውም። እሷ ዓይኗን ከእጁ ሳትነቅል ከኋላው ቆማለች። አዲስ ነው ወይስ ተወልውሎ ነው አዲስ የመሰለው? ማሸጊያውን አላየችም።

አጥፍቶት እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ወጣ። ያን ጊዜ ነው የእትዬ ፊርማ እጅ ከልቧ የቀደመው። ትንሽ ወረቀት ቀደደች፣ ፈረመችባት፣ ለሁለት አጥፋ ከማራገቢያው አንድ ክንፍ ጀርባ አስቀመጠቻት፣ እንዳትነቀል ሦስት ጊዜ ፕላስተር ደራረበችባት። ነገ መጥቶ በአሮጌ ቢለውጠው አውቅበታለሁ አለች። ቃልሽን አፈረስሽ ብትሏት አትቀበልም፤ አላየኝም፤ ያላየ ሰው በምን ይቀየማል?

ወንድሟ ተመልሶ ክዳኑን ገጠመና አበራው። ማራገቢያው ኮምፒውተሩን አንቀጠቀጠው። ትርትርትር ሲል የጠረጴዛው መሳቢያ ሳይቀር አብሮ ተንጫጫ።

ወንድሟ ግራ ገባው። አጥፍቶ ከፈተው። የሚነካው ሽቦ ይኖር እንደሆነ ብሎ ሽቦዎቹን ሁሉ ሰብስቦ አሰረ፤ ጩኸቱ አልቀረም። አራቱን ብሎኖች እንደገና አጠበቀ፤ ያው ነው። ሌላ ዕቃ እንዳይሆን ብሎ የማራገቢያውን ገመድ ብቻ ነቅሎ ሲያበራው ፀጥ አለ፤ መልሶ ሲሰካው ጮኸ። ጥፋቱ ከማራገቢያው እንደሆነ ሁለቱም አወቁ። አንገቱ ላይ ላብ ችፍ አለ። ከሰባት ዓመት በኋላ መጥቶ እህቱ ፊት እንዲህ መዋረድ እንዳሳፈረው ያስታውቅ ነበር።

"አሁን እኮ ዝም ብሎ ነበር" አለ።

የአክስቷ ማስጠንቀቂያ ትዝ አላት። ጥያቄዋን ልትውጠው ሞከረች፤ አልሆነላትም።

"ከየት ነው ያመጣኸው?"

እጁ ባለበት ቆመ። ቀና ብሎ አያት፤ የሬዲዮው ቀን ያያት አስተያየት ነበር። ሱቁን ነገራት፣ ትናንት ከሰዓት ራሱ ሄዶ እንዳመጣው ነገራት። ከዚያም መፍቻውን አነሣና ፈትቼ በእጅሽ አገላብጠሽ እዪው አላት።

ወረቀቷ ትዝ ያለቻት ይሄኔ ነው። ግዴለም ተወው፣ ጩኸቱን እለምደዋለሁ አለች። እሱ ግን ስሙ ተነክቷል፤ አንደኛውን ብሎን ፈታ። እሷ ሥራ አለብኝ አለች፤ ሁለተኛውን ፈታ። ባለጉዳይ ይመጣል አለች፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን ፈታና ማራገቢያውን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞት ሄደ። በጣቱ ቀስ እያለ አሽከረከረው። አንዱ ክንፍ ከብዶ ሁልጊዜ ወደ ታች ዞሮ ይቆማል። ከጀርባው የተለጠፈውን አየ። በጥፍሩ ልጦ፣ ገልጦ፣ ፊርማዋን አነበበ።

እትዬ ፊርማ አቀርቅራ የቆመችበትን ወለል እያየች፣ በዚህች ብጫቂ ወረቀት ወንድሟን ለሁለተኛ ጊዜ እንደቀበረችው ተሰማት።

እሱ ማራገቢያውን መልሶ አሰረ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ አበራ። ክፍሉ ፀጥ አለ። ቦርሳውን አንግቶ በሩ ጋ ሲደርስ ተመለሰና ወረቀቷን ከነፕላስተሯ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

"እታለም፣ ይቺን እኔ ላይ ለጥፊያት" አላት። "ስመለስ ሌላ ሰው አለመሆኔን ታረጋግጪባታለሽ።"

ሳቋም ዕንባዋም አንድ ላይ መጡባት። ሸሚዙ ኮሌታ ላይ ለጠፈችለት፤ እንዳትወድቅም በአውራ ጣቷ ጫን አደረገቻት። የበሽተኛውን ስም አስታወስክ ወይ የሚለው ጥያቄ ሰባት ዓመት ሙሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሌላ ጥያቄ ጠየቀችው።

"መቼ ነው የምትመለሰው?"

"ዕቃ ሳይበላሽብሽም መምጣት ይቻላል?"

"ይቻላል" አለችው።

ከሄደ በኋላ እንደ ልማዷ የክዳኑን ብሎኖች መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ላይ ስትደርስ ተወችውና ወደ በሩ ሮጠች። ወንድሟ መታጠፊያው ጋ ደርሷል። ወረቀቷን ከኮሌታው ላይ አላነሣትም።