የባለቤቴ ድምፅ በአዲሱ ስልኬ

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው አገር ከእኔ ጆሮ የሚበልጥ ጆሮ ያለው ሰው ካለ ይምጣና ልማርበት። ሥራዬ የጀንፈል ቡና መቀሸር፣ የደረቀውን ቡና ገለባ በማሽን ማውለቅ ነው። መቀሸሪያ ማሽኑ ሲያጓራ ሌላው ሰው ራሱን ይዞ ይሸሻል፤ እኔ ግን ጆሮዬን ሆዱ ላይ ለጥፌ ገለባው ብቻ እየወለቀ ይሁን ፍሬው እየተሰበረ እናገራለሁ። ሸዋ ቤንች ላይ ትንኝ ብታስነጥስ ሚዛን ቁጭ ብዬ "ይማርሽ" የምል ሰው ነኝ። በዚህ ዝና የተነሳ የቤተ ክርስቲያናችን የድምፅ ማጉያ ኃላፊም እኔው ነበርኩ። ራሴን ነቅንቄ "ይሄ ጥሩ ነው" ካላልኩ መዝሙር አይለቀቅም።

ይህን ሁሉ ዝና አንድ ስልክ አፈር አስበላው።

አሮጌው ውኃ ገብቶበት ሲሞት አዲስ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ኤርፎኔን ልሰካ ባገላብጠው ቀዳዳ የለውም። ከላይ አየሁ፣ ከታች አየሁ፤ ያለችው የቻርጀሯ ብቻ ናት። ወደ ሻጩ ተመለስኩና "ቀዳዳውን ረስታችሁታል" አልኩት።

"ጋሼ፣ አሁን የሚመጣው እንዲህ ነው። ቀዳዳ ቀርቷል።"

"ነገ ደግሞ በር የሌለው ቤት ልትሸጡልን ነዋ!"

ሳቀና በቻርጀሩ ቦታ የሚሰካ አጭር ገመድ ሸጠልኝ።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ መዝሙር አስቀረጸች። ይህች ሴት ከጋብቻችን በፊት ጀምሮ ከመዘምራኑ ጋር ስታገለግል የኖረችው ከኋላ ረድፍ፣ ከረጃጅሞቹ ትከሻ ጀርባ ቆማ ነው። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ መዝሙር ብቻዋን ዘመረች። እሑድ በጉባኤው ፊት ሊሰማ ነው፤ እህቶቿም ይህንኑ ሊሰሙ ከማሻ ሊመጡ ነው። ድምፄ እንዳይዘጋ ብላ ዝንጅብል ስታኝክ ነው የከረመችው። ያቀናበረው የኪቦርድ ተጫዋቻችን ነው፤ በሥራው አስተማሪ ነው። እሱም ለመጨረሻ ፍርድ ወደ ስልኬ ላከልኝ።

ሰካሁና አዳመጥኩ። በቀኝ በኩል ባለቤቴ ጥርት ብላ ትዘምራለች። በግራ በኩል ጉድጓድ ውስጥ የወደቀች ትመስላለች፤ ከበሮው ድም ድም ይላል፣ እሷ ግን የለችም። ተናደድኩ። ፎቶ ሲሆን የቡና ቅጠል ላይ የሄደችውን ጉንዳን የእግር ጥፍር የሚያሳይ ስልክ፣ ለጆሮ ሲሆን አንዲት ሴት አብቃቅቶ ለሁለት ጆሮ ማካፈል ያቅተዋል?

"ገመዱ ይሆናል" አለ ሻጩ፤ ቀየረው። ያው ነው። "እንግዲያው ኤርፎኑ ኮፒ ነው፤ ይሄ ኦሪጅናሉ" አለ። ኦሪጅናሉ ከኮፒው ባሰ። በመጨረሻ ገመድ አልባውን ወሰድኩ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስሞክረው መንገዱ ሲያነጥረን ከጆሮዬ ዘሎ ጭቃ ውስጥ ገባ። ወርጄ ተንበርክኬ ስፈልግ አንድ መንገደኛ የምጸልይ መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ። አግኝቼ አጸዳሁት፤ ግራው እንደዚያው ነው።

ሻጩ በገዛ ጆሮው ከቶ ሞከረው። "ጋሼ፣ ለእኔ እኩል ነው የሚሰማኝ።"

"አንተማ ነጋዴ ነህ፤ የሚሰማህ ትርፉ ብቻ ነው።"

ስልኩን ትቼ መዝሙሩን ልጠግን ወሰንኩ። አስተማሪው ቤት ሄድኩና "ድምፅዋን ወደ ግራ ግፋው" አልኩት።

"ወንድሜ፣ መሀል ላይ እኮ ነው ያለው።"

"የድምፅ ኃላፊው ማነው?"

"አንተ ነህ።"

"እንግዲያስ ግፋ።"

ትንሽ ገፋ። "ጨምር" አልኩ። ጨመረ። "አሁንም።" "ከዚህ በላይ ከገፋሁት ከኮምፒውተሩ ይወድቃል" አለኝ። ያን ጊዜ በኤርፎኑ ውስጥ ግራ ጆሮዬ ትንሽ አገኘና "ይኸው፣ መሀል ገባ!" አልኩ። እሱም ቅር እያለው ተወው።

እሑድ እህቶቿ ነጠላቸውን አሳምረው ከአዳራሹ በስተቀኝ ተቀመጡ፤ ባለቤቴም መሀላቸው። መዝሙሩ ተለቀቀ። እኔ በግራው ማጉያ ሥር ሆኜ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። በግራ ያለው ምእመን እጁን አንሥቶ "አሜን" ይላል። በቀኝ ያለው ኪቦርድና ከበሮ እየሰማ ዘማሪዋ እስክትጀምር ይጠብቃል። እየጠበቀ አለቀ። ታላቅ እህቷ "ደስ ይላል፤ ግን አንቺ የቱ ጋ ነሽ?" እንዳለቻት በኋላ ሰማሁ። እኔ ያየሁት ባለቤቴ ዞራ ያየችኝን ብቻ ነው። ያ አስተያየት ቡና ያለ እሳት ይቆላል።

ቤት እንደገባን "ስልኩ ነው!" ብዬ ቀደምኳት። ስልኬን ተቀብላ የመጀመሪያውን ቅጂ በሁለት ጆሮዋ አዳመጠችና "እኩል ነው" አለች። ከዚያ የቀኙን ኤርፎን ከጆሮዋ ነቅላ በግራ ጆሮዬ ከተተችው።

"አሁንስ?"

"ይሄኛውም ተበላሸ!" አልኩ።

የግራውን ደግሞ በቀኝ ጆሮዬ ከተተችው። ያቺ ጉድጓድ የወደቀችው ሴት ጥርት ብላ ወጣች።

"ሰውዬ" አለችኝ፣ "ማሽን ላይ ስትለጥፈው የኖርከው ጆሮ ነው የተበላሸው።"

አስተማሪው የመጀመሪያውን ቅጂ አላጠፋውም ነበርና በሚቀጥለው እሑድ ተለቀቀ፤ ግራውም ቀኙም "አሜን" አለ። ማጉያው ላይ የተቀመጠው ግን ሌላ ሰው ነበር። እህቶቿም ማሻ ተመልሰዋል። በስልክ ላክንላቸው፤ እሷ ግን ሲሰሟት ፊታቸውን ማየት ነበር የፈለገችው።

የዚያን ዕለት ከጉባኤ ስንመለስ ባለቤቴ ቆም አለችና "አልጋ ላይ የምተኛው በየትኛው ጎንህ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። በግራዬ ነው። እኔ ደግሞ በቀኝ ጎኔ ስለምተኛ ቀኝ ጆሮዬ ትራስ ውስጥ ነው። የልጆቹን ነገር፣ የቤቱን ነገር የምታማክረኝ እዚያ ነው። ድምፅዋ እልም ሲል ጨረሰች እላለሁ፤ "እሺ" እላታለሁ። "ባሌ አዳማጭ ነው" እያለች ለሰው ስታወራ ኖራለች። እኔ ግን እሺ ካልኳት ውስጥ አብዛኛውን አልሰማሁትም።