ከፀሐይ የወጣ ሰው

ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በቢቸና ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው የኪራይ ቤት፣ በሦስት ትራስ ተደግፋ የተቀመጠችው የዓመት ከመንፈቋ ንግስት ገላው፣ ከእንግዲህ ወዲያ አልቆምም፣ አልድህም፣ ማንም እጄን ቢስብ ከዙፋኔ አልነሣም ስትል በራሷ ፈቃድ መወሰኗን ለወዳጅም ለጠላትም ታሳውቃለች!

ውሳኔው እንቅልፍ የነሣው አንድ ሰው ነበር፤ አባቷ ገላው። ተቃውሞውን ያሰማውም ጥፍሩን በመብላት ነው።

ገላው የሞጣ ልጅ ነው። እናቱ ወይዘሮ ይርጋነሽ ሞጣ ገበያ መሃል፣ ጥላ በሌለበት፣ ጌሾ ሸጠው ነው ያሳደጉት። የሌላው እናት ልጇን ሀብታም እንዲሆን ትመርቀዋለች። እሳቸው ግን ምርቃታቸው አንድ ነበር፦ «ተማር የኔ ልጅ፤ ተማርና ከፀሐይ ውጣ!»

ተማረ። ቢቸና ወረዳ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ከፀሐይም ወጣ። አወጣጡ ግን እንደ ጥርስ ነበር፤ ከነሥሩ። ጠዋት ሸራው የወረደ ባጃጅ ከደጁ ያነሣዋል፤ ቀን በእኩለ ቀን አምፖል የሚበራበት የጓሮ ቢሮ ይውጠዋል፤ ምሳውን ከምግብ ቤቱ ውስጠኛ ክፍል ይበላል። በመንገድ ላይ ፀሐይ ካገኘችው እንኳ ፋይል ራሱ ላይ ጭኖ ይሮጣል። የጥላው መደብ ቆራጥ ታጋይ!

ንግስት ስትወለድ ቀይ ሆና ተወለደች። ገላው «ትጠቁርብኛለች» ብሎ ከደጅ አገዳት። ልጅ ሊጠብቁ ከሞጣ የመጡት ወይዘሮ ይርጋነሽ ደግሞ «ምች ይመታታል፣ ዓይን ይበላታል» ብለው በሩን ዘጉ። እንዲህ በዓላማ የተለያዩ ሁለት ድርጅቶች በበር መዝጋት ጉዳይ ግንባር ፈጠሩ። ሚስቱ እፀገነት ግንደወይን የምታስተምር መምህርት ናት፤ ዓርብ ማታ መጥታ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ትሄዳለች። ስለዚህ ድምጿ የሚቆጠረው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው።

የጎረቤት ልጅ ከንግስት ዘግይታ ተወልዳ ጫማ እየሰረቀች መሮጥ ጀመረች። ገላው ያቺን ልጅ ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ስብሰባ ላይ እግሩ አላርፍ ብሎ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል። ባልደረባው ምንይሉ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ፣

«አቶ ገላው፣ ተወው እንጂ፤ ጠረጴዛው ራሱ መሄድ ሊጀምር ነው» አለው። ሰው ሳቀ። ገላውም የሳቀ መሰለ።

አንድ ቅዳሜ እፀገነት ልጇን ስታጥብ እጇ ውኃው ውስጥ ቀረ።

«ገላው፣ ና እስቲ። ይሄ እግር ነው ቅንፍ?»

«ስትቆም ይቃናል።»

«በምኗ ትቁም?»

ሰኞ ሊነጋ ሲል ገላው ልጁን ታቅፎ ወደ ሞጣ ሚኒባስ ተሳፈረ። ንፋስ እንዳይገባ ተብሎ መስኮቱ ሁሉ ተጠርቅሞ፣ ሰው እርስ በርሱ ሲተነፋፈስ ደረሱ።

ሐኪሙ ፍቅረ ሥላሴ ከሐዋሳ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። የልጅቱን አንጓ ዳሰሰ፤ አብጧል። ግንባሯን ዳሰሰ፤ እግሯን ራጅ አስነሣ። ከዚያ ጠየቀ።

«ፀሐይ ታያለች?»

«እንዴታ! ደህና አድርጋ። መስኮቱ ሥር ስናስቀምጣት ‹ጣይ! ጣይ!› እያለች በጣቷ ትጠቁማለች።»

«መስታወቱ ይከፈታል?»

«ኧረ በስመ አብ! ብርድ ሊመታት?»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጌታዬ፣ እሷ ፀሐይን ማየቷን አይደለም የጠየቅሁት። ፀሐይ እሷን አይታታለች ወይ ነው ያልኩት።»

ከዚያ አስረዳው። ቫይታሚን ዲ የሚባለውን ነገር አብዛኛውን የሚሠራው የሰው ቆዳ ነው፤ የሚሠራውም ፀሐይ ስታርፍበት። ያ ሥራ የሚሠራበት ጨረር መስታወት አያልፍም። እሱ ከሌለ ደግሞ ወተት ብትጠጣም ካልሲየሙ አጥንቷ ውስጥ በቅጡ አይገባም፤ አጥንቱ ይለሰልሳል፤ ይጎብጣል። ሪኬትስ ይባላል። በጠብታ የሚሰጥ መድኃኒት ጻፈለት፤ ጠዋት ጠዋት ደጅ፣ እጇና እግሯ ተገልጦ፣ ሳትቃጠል ትሙቅ አለው።

«እርስዎስ? ከገቡ ጀምሮ ወገብዎን ይዘዋል።»

«ብርድ ነው።»

«እስቲ የብርዱን ደም እንየው» አለ ሐኪሙ።

ቢቸና እንደተመለሱ ገላው እናቱን «ፀሐይ ላይ አውጫት» ብሎ አዝዞ ቢሮ ገባ። ሰብሳቢው ወቅታዊውን ሁኔታ መተንተን ሲጀምር ገላውን አንዳች ነገር ወጋው። አወጣቻት ይሆን? አላወጣቻት ይሆን? ሰብሳቢው «በሁለተኛ ደረጃ» ከማለቱ ሰውየው ከአዳራሹ ወጥቶ፣ ባጃጅ እንኳ ሳይጠራ፣ በእግሩ ቤቱ ደረሰ።

ንግስት ደጅ ነበረች። ፀሐይ ላይም ነበረች። ከአፍንጫዋ በቀር ግን ሙሉ በሙሉ በጋቢ ተጠቅልላለች።

«እማዬ! ምንድነው ይሄ?»

«አውጫት አልክ፤ አወጣኋት።»

«ታዲያ የታመመው ጋቢው ነው?»

ወይዘሮ ይርጋነሽ ልጅቱን ወደ ደረታቸው ሳቡ። «ስማ አንተ ልጅ። እኔ ገበያ መሃል የተቃጠልኩት አንተን ከዚች ፀሐይ ላወጣ ነው። አወጣሁህ። ዛሬ ልጅህን ይዘህ ልትመልስልኝ?»

በየስብሰባው መልስ የማያጣው ገላው ኮቱን አወለቀ፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ፤ ከእናቱ እግር ሥር መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«ያንቺ ፀሐይ ሸክም ነበረባት፣ እማዬ» አለ። «ይቺ የላትም።»

እናትየው ጋቢውን ራሳቸው መፍታት ጀመሩ፤ መጀመሪያ አንድ እግር፣ ቆይተው ሌላውን።

«ራሷን ግን ሻሽ አስራለሁ። ምች አለ።»

«እሰሪ፤ ራሷን እሰሪ።»

የ«ብርዱ» ደምም ያው ቫይታሚን ጎድሎት ተገኘ፤ ይኸው ከዚያን ቀን ወዲህ ገላው ከነልጁ ጠዋት ጠዋት ደጅ ነው። ቢሮ አርፍዶ ይገባል፤ ማስጠንቀቂያም ደርሶታል። ባለፈው ሰሞን ንግስት የአያቷን ቀሚስ ጨምድዳ ብድግ አለች፤ ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ፤ ተመልሳ ቁጭ። ገላው ሊያጨበጭብ እጁን አንሥቶ፣ ፈርቶ መልሶ አወረደው። እግሯ ገና እንደጎበጠ ነው። ሰኔ ደግሞ ገባ፤ ሰማዩ በጠዋት ይጠቁራል። ሐኪሙ መድኃኒቱ ክረምቱን ያሻግራታል ብሎታል። እሱ ግን ደመና ባየ ቁጥር ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሣል።

አንተስ፣ አንባቢ፣ በገላው ስትስቅ የት ጥግ ተወሽቀህ ነበር? ተወው፤ አትመልስ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ከጓዳህ «ቀስ ብሎ ይሄዳል» እየተባለ የሚጠበቅ ሕፃን ካለ፣ እባክህ አሁኑኑ ተነሥና፣ ካልሲውን አውልቀህ፣ በሩን ከፍተህ…