የቆርቆሮ ብር

በልጅነቴ ከመንዝ እስከ መርሐቤቴ የእኔን ያህል ሀብታም ልጅ አልነበረም። ሀብቴ ግን ቆርኪ ነበር፤ ያውም የወንድሜ። ትናንት ግሮሰሪ ውስጥ አስተናጋጇ ቢራ ስትከፍት ቆርኪው ሲሚንቶው ላይ ሲንቃጨል ነው ትዝ ያለኝ።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ደምሴ ከድንበሩ ጦርነት ሲመለስ አንድ ካልሲ ሙሉ ቆርኪ ይዞ መጣ። በጦር ሰፈሩ ሻይ የሚሸጠው ነጋዴ ዝርዝር ሲያጣ፣ ምልክቱን በሚስማር የወጋበትን ቆርኪ ለወታደሮቹ እንደ መልስ ይሰጣቸው ነበር። ከእሱ ሱቅ ውጭ የትም አይሠራም።

«ይሄ አንድ ዳቦ ነው» አለኝ ጋሼ፣ መደቡ ላይ እየደረደረ። ከጣሳ ክዳን የተቆረጠውን ትልቁን ሲያነሳ ግን ድምፁ ቀነሰ። «ይሄ ደግሞ ሁለት ሻይ ነው። የባልንጀራዬ ነው። ስመለስ እጠጣበታለሁ ብሎ ሰጥቶኝ ወደ ግንባር ሄደ።»

«ታዲያ ለምን አልጠጣበትም?»

«ሻዩ ቀዘቀዘበት» አለና ወደ ካልሲው መለሰው።

እኔ የገባኝ ትልቁ በደንብ እንደሚሽከረከር ብቻ ነበር። በማግስቱ ሰርቄው፣ ሁለት ቦታ በስቼ፣ ክር አስገብቼ አሽከረከርኩት። ጩኸቱ የጓሳን በጎች ሁሉ አስደነበረ። ከዚያ ክሩ ተበጠሰና ቆርቆሮው ገደል ገባ።

ጋሼ ሦስት ቀን ፈለገው። አጎዛውን አራገፈ፣ የምድጃውን አመድ ሳይቀር በወንፊት ነፋ።

«አንተ ልጅ፣ አላየኸውም?»

«ማርያምን አላየሁም!» አልኩና አብሬው አመድ ነፋሁ።

አሁን ጢሜ ሸብቷል። ጋሼም እዚያው መንዝ፣ ራቤል ይኖራል፤ በየዓመቱ እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ። እስካሁን አልነገርኩትም።