ያለ ስኳር የጠየቅሁት ሻይ

ስኳር ማለት ሳይጠየቅ በእንግዳ ሻይ ውስጥ የሚጨመር፣ የአክብሮት መጠን የሚለካበት ነጭ ነገር ነው። ዲላ ውስጥ ከእጮኛዬ ከገነት ቤተሰብ ጋር ልተዋወቅ በሄድኩበት ቀን ይህን ነገር አልፈልግም አልኩ።

በቅርቡ የስኳር በሽታ ተገኝቶብኝ ነበር። ሐኪሙ ወጣትነቴን አይቶ ተጠራጠረና ሰውነቴ የገዛ ቆሽቱን እንደ ጠላት የሚወጋ ፀረ እንግዳ አካል ያመርት እንደሆነ ደሜን አዲስ አበባ ልኮ አስመረመረ። ከተገኘ ዕድሜ ልክ ኢንሱሊን፣ ካልተገኘ ክኒንና ክብደት መቀነስ ነው። አልተገኘም። ጋብቻው እንዳይፈርስ ፈርቼ ግን ለገነት አልነገርኳትም።

"ያለ ስኳር" ስል እናቷ ትሪውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ይርጋጨፌ ቡና የሚነግደው ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ታደለ ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኘኝ።

"ማን ነገረህ?"

"ምኑን?"

"ተው እንጂ መምህር! እቤታችን መጥተህ በእህቴ ታሾፋለህ?"

በሽታዬን መደበቄን ያወቀ መሰለኝ፤ ከክሊኒክ ስወጣ ያየኝ ሰው እንዳሳበቀብኝ ጠረጠርኩ። መደበቁ ስላላዋጣኝ ክኒኔን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ስኳር ያለብኝ እኔ ነኝ" አልኩ።

ጋሽ ታደለ ክኒኑን አገላብጦ አየው።

"ክኒን ብቻ? ያንተ ሰውነት ራሱን አይወጋም?"

ይህን ጥያቄ ከሐኪሜ ሌላ የሚጠይቀኝ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ገነት ተነስታ ከፍሪጁ፣ ከጎመኑ ኋላ፣ የኢንሱሊን ብልቃጥ አወጣች።

"የእኔ ይወጋል" አለች።

የሠርጋችንን ኬክ የቆረስነው ለፎቶ ነው።